ሦስት እልል

ከቆላው አፋፍ ላይ የተቀመጠችው የሦስት እልል መንደር ዛሬም ወንድ ልጅ ሲወለድ እንደ ሌላው አገር ሰባት ጊዜ እልል አይባልባትም። ወንድም ቢሆን ሴት፣ በሌላው አገር ለሴት የሚባለው ሦስት ነው። ልማዱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ አመተ ልዑል ስለምትባል ሴት ያወራሉ።

እንደሚነገረው፣ በጥንቱ ነገሥታት ዘመን የአፋፉን መሬት የያዘው የእሷ ባል ዘመልአክ የሚባል ፈረሰኛ ነበር። መሬቱ የጋሻ መሬት ነውና የክተት ነጋሪት በተመታ ቁጥር ከቤቱ አንድ ወንድ ጋሻና ጦር ይዞ፣ ፈረስ ጭኖ መዝመት ነበረበት፤ ወንድ የታጣ እንደሆነ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። ዘመልአክ ዘምቶ ቀረ። ታላቁ ልጁ ተተካ፣ እሱም ቀረ። ታናሹ ሲዘምት ሚስቱ ጽጌ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መርዶው የደረሰው ምጥ በያዛት ሳምንት ነው ይባላል።

ሕፃኑን የተቀበለችው አመተ ልዑል ራሷ ነበረች። ወንድ ነው። አዋላጆቹ እልል ሊሉ ሲሉ፣

«ሦስት ብቻ በሉ» አለች።

«ምነው እሜቴ፣ ወንድ እኮ ነው! መሬትዎን ያተረፈልዎ!» አለች አንዷ አዋላጅ በሹክሹክታ።

«መሬቱ ይቅርብኝ። ሦስት በሉ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የተወለደው ወንድ መሆኑን ሊያጣራ ከደጅ ቆሞ የሚያዳምጠው የመንደሩ ጭቃ ሹም ሦስቱን ሰምቶ፣ ሴት ናት ብሎ ሄደ። መሬቱም ለሌላ ባለ ጋሻ ተሰጠ። የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን ነውና ምስጢሩ እንዳይወጣ፣ ጽጌ አርባው ሳይሞላ ልጇን አዝላ ወንዙን ተሻግራ ወደ ወላጆቿ አገር ወረደች። አመተ ልዑል በገዛ መሬቷ ጭሰኛ ሆና ሃያ ዓመት ኖረች።

ከዚያ አንድ ወጣት ደጇ ቆመ። መልኩ የባሏ መልክ ስለሆነ ስሙን ሳትጠይቅ አወቀችው። የልጅ ልጇ ማስረሻ ነው፤ ጽጌ ልትሞት ስትል ሁሉን ነግራው ኖሯል።

«እማማ፣ የአያቴ ጋሻ የት አለ?»

«ምን ሊያደርግልህ ልጄ?»

«እርስዎ በገዛ መሬትዎ ጭሰኛ ሆነው፣ እኔ ሴት ተብዬ ልቅር?»

«ጭሰኝነቱን እኮ ወድጄ ነው የያዝኩት። አንተ አለህ እያልኩ ስበላ ቆሎው ይጣፍጠኝ ነበር።»

አልሰማትም። ከገዢው ዘንድ ቀርቦ የአባቶቹን መሬት ጠየቀ፤ ወንድ ሆኖ መወለዱን በመሐላ የመሰከሩለትም እነዚያው አዋላጆች ናቸው ይባላል። መሬቱ ተመለሰለት። በዚያው ዓመት፣ አዝመራው ሳይሰበሰብ፣ ነጋሪቱ ተመታ።

አመተ ልዑል ልትሸኘው አልወጣችም። ከዘማቹ እኩሌታው ተመለሰ፤ ማስረሻ የት እንደወደቀ ያየ ሰው ግን አልተገኘም። መሬቱ ዳግመኛ ተወሰደ፤ አዲሱ ባለ መሬት አሮጊት ጭሰኛ አልፈልግም ብሎ አስወጣት፣ ዐቢይ ጾሙ ሳይፈታም ከጎረቤት ቤት ሞተች።

ከዚያ በኋላ ወንድ የወለደች ሁሉ፣ ለእኔ ልጅ ይሠራ ይሆናል እያለች ሦስት አስባለች። አንዱንም እንዳላዳነ ሽማግሌዎቹ አይደብቁም፤ ጭቃ ሹሙ ነቅቶ ሕፃኑን ገልጦ ማየት ጀምሮ ነበርና።

ዛሬ የጋሻ መሬት የሚባል የለም፤ ስለ ጋሻ የሚጠይቅም የለም። ሆኖም ባለፈው ሚያዝያ ወንድ ሲወለድ፣ ከከተማ የመጣች አክስት አራተኛውን ልትል ስትጀምር የአራሷ እናት በመዳፏ አፏን ከደነችባት ይላሉ።