የአባ ጎፈር ቀንድና ቅል

ድሮ ነው። በጣም ድሮ። አራዊት ሲናገሩ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማቸው በነበረበት ጊዜ። አገሩ ገና ስም አልወጣለትም። ወንዝ ነበረው፣ ገደል ነበረው፤ በወንዙና በገደሉ መካከል ደግሞ ጥቁር አፈር ያለው ሰፊ መሬት።

መሬቱ የዝንጀሮው የአባ ጎፈር ነው። እንዴት የእሱ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። አንድ ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ይሄ ሁሉ የኔ ነው" አለ፤ የተቃወመው አልነበረም፤ በቃ፣ የእሱ ሆነ።

አባ ጎፈር አያርስም። ጎፈሩን ያበጥራል፣ ፀሐይ ይሞቃል። የሚያርሱለት ጃርት፣ ጥንቸልና እመት ፍልፈል ናቸው። እርሻው የእኩል ነው፤ አተር ይዘራሉ፣ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ፤ ከዚያ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እኩል ይካፈላሉ።

አካፋዩ ግን ራሱ አባ ጎፈር ነው።

ሁለት መስፈሪያ ነበረው። አንዱ የአጋዘን ቀንድ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥንቸል ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ብትቆም እንኳ የሚበልጣት። ሁለተኛው ቅል፤ አጭር፣ ሆዱ የተነፋ፣ መሬት ላይ ዘጭ ያለ። በየዓመቱ አውድማው ላይ ቀንዱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

"ረዥሙ ለእናንተ፣ አጭሩ ለእኔ። ምን ላድርግ፣ ቸርነቴ ገደለኝ።"

አራሾቹም እጅ ይነሳሉ። "እድሜ ይስጥልን ጌታችን።" አንድ ቀንድ ለእነሱ፣ አንድ ቅል ለእሱ። አንድ ቀንድ ለእነሱ፣ አንድ ቅል ለእሱ። ምርቱ እስኪያልቅ። ከዚያ የአራሾቹ ጎተራ ክረምቱ ሳይጋመስ ባዶውን ይቀራል፤ እነሱም ሆዳቸውን ይወቅሳሉ።

*

እመት ፍልፈል ባሏን ጎርፍ ከወሰደባት ወዲህ ከልጇ ከድንቡሼ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ስሙ የወጣላት ስትወለድ ነበር፤ ያኔ ድንቡሽቡሽ ያለች ነበረች። አሁን ስሙ ብቻ ቀርቷል።

በዚያ ክረምት አተሩ ከወትሮው ቀድሞ አለቀ። እመት ፍልፈል ዓይኗ ብርሃን አይችልም፤ እየዳበሰች ገደሉን ወጣች።

"ጌታዬ፣ አተሩ አለቀብን። እሸት እስኪደርስ ጥቂት ይርዱኝ።"

"አለቀ? ረዥሙን ወስዳችሁ?"

"አዎ ጌታዬ፣ ረዥሙን ወስደን።"

"እንግዲያው ሆዳችሁ ነው የሚረዝመው።" አባ ጎፈር እፍኝ አተር ወረወረላት። "ይሄን ብዪ። የሚመጣው ክረምት ደግሞ አለቀ ብለሽ ከመጣሽ ግን ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ። ልጅቷን ይዘሻት ነይ። እዚህ ተቀምጣ ጎፈሬን ትቅመልልኝ።"

እመት ፍልፈል የተወረወረላትን አተር እየዳበሰች ለቀመች። ገደል ላይ አፈር የለም። አፈር በሌለበት ፍልፈል ምን ይቆፍራል? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የምትቀመጥ የፍልፈል ልጅ ዓይኗ እንዴት ይተርፋል? አተሩን በጉንጯ ይዛ ወረደች፤ ለልጇ ግን ምንም አልነገረቻት።

*

የተራበ ልጅ ካልተጫወተ ያለቅሳል። ስለዚህ እመት ፍልፈል ከልጇ ጋር ትጫወታለች። ጉድጓዱ ጨለማ ነው፤ የሚያዩት በመዳፋቸው ነው።

"ይሄን ሥር ለኔና ለአንቺ አካፍይው እስቲ።"

ድንቡሼ ቀጭ ታደርገዋለች። "ያንቺ በለጠ።"

"በምን አወቅሽ?"

"በጥርሴ ለካሁት። ያንቺ ሁለት ንክሻ ነው፤ የኔ ለሁለት ንክሻ ሩብ ጉዳይ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ካንቺው ላይ ትንሽ ልንከስና እኩል ይሁን።"

ትነክሳለች። ትለካለች። ገና ነው ትላለች። እንደገና ትነክሳለች። በመጨረሻ የእናቷ ያንሳል። እናትየው "አሁንስ?" ስትል "አሁን ደግሞ ካንቺ በለጥኩ፤ ግን ጠግቤአለሁ" ትላለች።

ጃርት በጉድጓዱ አፍ ስታልፍ ይሄን ሰምታ አንገቷን አስገባች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ይመከራል እንጂ ይጠየቃል? ነገ አድጋ አፍሽን ታስይዝሻለች።"

"ምን ላድርግ እታለም፣ የምሰጣት ምግብ ሳጣ ጥያቄ ሰጠኋት።"

ጃርት እሾኋን አንኮሻኩሻ እየሳቀች ሄደች።

*

አንድ ቀን ድንቡሼ እቃ እቃ እንጫወት አለች። ጎርፍ ያመጣው የሸምበቆ ቁራጭና ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አግኝታለች። ደረቷን ነፋች፣ ድምጿን አወፈረች።

"እኔ አባ ጎፈር ነኝ። ረዥሙ ለእናንተ፣ አጭሩ ለእኔ። ቸርነቴ ገደለኝ።"

ሸምበቆውን አሸዋ ሞልታ ለእናቷ ሰጠች። ቅርፊቱን ሞልታ ለራሷ ያዘች።

"የማን በለጠ?" አለች እናትየው።

"ያንቺ።"

"በምን አወቅሽ?"

"ረዥም ነዋ።" ድንቡሼ ቀናች። የጌታ ወግ ሰልችቷት የራሷን ቅርፊት አሸዋ ወደ ክምሩ መለሰችና "ያንቺን ስጪኝ፤ እኔ ቤት ይግባ" አለች። ሸምበቆውን ተቀብላ ቅርፊቱ ውስጥ ገለበጠችው። እንዳይፈስባት ከሥር መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች።

ምንም አልፈሰሰም።

ጣቷን ቅርፊቱ ውስጥ ከተተች። አሸዋው ገና ከታች ነው። "እማዬ፣ ደፋሁት እንዴ?" ሁለቱም ወለሉን ዳበሱ። የተደፋ የለም። እንደገና ሸምበቆውን ሞልታ ጨመረች። አሁንም አልሞላም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጨምር ገና ጢም አለ።

እናትየው የምትጠይቀው ጠፋት። የጠየቀችው ልጅቷ ናት።

"እማዬ፣ የአባ ጎፈር ቀንድ ከቅሉ እንደሚበልጥ በምን አወቅሽ?"

"ረዥም ነ..." አለችና እመት ፍልፈል አፏ ተያዘ። ስንት ዓመት እጅ ነስታ ነበር። አንድም ቀን ቀንዱን ወደ ቅሉ አፍስሳ አታውቅም።

"አሁን ተራው ያንቺ ነው" አለች ድንቡሼ፣ ነገሩ ያለፈላት መስሏት። "አንቺ አባ ጎፈር ሁኚ። ግን ረዥሙን አንቺ ውሰጂ፤ አጭሩን እኔ አልለቅም።"

እመት ፍልፈል በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጅቷ ምን እንዳሳቃት ብትጠይቃት "ዝም ብለሽ እደጊ" አለቻት።

*

ክረምቱ ወጣ። አተሩ ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተወቃ። አውድማው ላይ ምርቱ ተቆልሎ ጃርትም መጣች፣ ጥንቸልም መጣች። በአገሩ ወግ ምርት ያለ ሽማግሌ አይከፈልምና አያ ኤሊም ከነጋ ጀምረው ሲሄዱ ውለው ደረሱ።

እመት ፍልፈል መንገድ ላይ አስባበት ነበር። ቀንዱ ያንሳል ብትል ማን ያምናታል? ዓይን ያላቸው ሁሉ የሚያዩት ርዝመቱን ነው፤ እሷ ደግሞ በብርሃን አታይም። አፍስሰን እንየው ብትል መስፈሪያው የእሱ ነው፤ አትንኩብኝ ይላል። የልጇን መዳፍ ይዛ ቆመች። መዳፉ ትንሽ ነበር። ይሄን መዳፍ ለቅማል ለቀማ አትሰጥም።

አባ ጎፈር ቀንዱን አነሳ። "ረዥሙ ለእናንተ፣ አጭሩ..."

"ጌታዬ፣ አንዴ ይታገሡኝ" አለች እመት ፍልፈል። እጅ ነሳች። "ይሄን ሁሉ ዘመን ረዥሙን ለእኛ ሰጥተው አጭሩን ሲወስዱ ኖሩ። ውለታዎ ከበደን። ዘንድሮስ ወሮታ እንመልስ። ረዥሙ ለእርስዎ፣ አጭሩ ለእኛ።"

አባ ጎፈር ቀንዱን እንደያዘ ቀረ።

"አይ፣ አይሆንም። ቸርነቴ..."

"ቸርነትዎ ይገድልዎታል ጌታዬ። እኛ እንዲሞቱብን አንፈልግም።"

ጥንቸል "እውነቷን ነው፣ እኛም እንፈር እንጂ" አለች። ጃርትም "ዘንድሮ ረዥሙ ለጌታችን ይሁን" አለች፤ ከልቧ ነበር የምትለው።

አያ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ። "ጎፈር፣ ወሮታ ልመልስ የሚልን መከልከል ነውር ነው። ወይስ እንቢ የምትልበት ምክንያት አለህ?"

ምክንያት ነበረው። የሚነገር ግን አልነበረም። "የለኝም" አለ።

ስፍሩ ተጀመረ። ድንቡሼ ጮክ ብላ ትጠራለች። "አንድ ቀንድ ለጌታዬ፣ አንድ ቅል ለእኛ። አንድ ቀንድ ለጌታዬ፣ አንድ ቅል ለእኛ።"

የአራሾቹ ክምር የድንቡሼን ሆድ አለፈ። ከዚያ አንገቷን። የአባ ጎፈር ክምር አውራ ጣቱ ጋ ተኝቷል። አባ ጎፈር ቀንዱ ላይ አተሩን መከመር ጀመረ። ቢከምር ቢከምር፣ ከጠባብ አፍ ላይ ምን ይቆማል? እየተንከባለለ መሬት ይወርዳል። ቀንዱን ነቀነቀ፣ መታ መታ አደረገ፣ በጣቱ ጠቀጠቀ።

"አንድ ቀንድ ለጌታዬ፣ አንድ ቅል ለእኛ።"

የአራሾቹ ክምር ጥንቸልን አከለ። አባ ጎፈር ላቡ በጎፈሩ ወረደ። በመጨረሻ አልቻለም።

"አቁሙ። ቅሉ ይበልጣል።"

የድንቡሼ ድምፅ ተሰማ፤ ተንኮል የለበትም፤ እንደ ለመደችው ነው የጠየቀችው።

"በምን አወቁ?"

"በምን አወቁ ትለኛለች ይቺ ጥርሳም። ሁለት ቀንድ ቢገለበጥበት እንኳ አይሞላም እኮ።"

ተናገረና አፉን በመዳፉ ያዘ። ረፍዶ ነበር።

አያ ኤሊ አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ፤ ለእሳቸው ረዥም መንገድ ነው። "ጎፈር፣ ዓይን እንዲህ አይናገርም። ዓይን ረዘመ፣ አጠረ፣ ሰፋ ነው የሚለው። ሁለት አይሞላውም የሚል ያፈሰሰ ነው። መቼ አፈሰስክ?"

አባ ጎፈር ጎፈሩን ማበጠር ጀመረ።

"እንግዲህ ረዥሙ ለእናንተ ስትል ታውቅ ነበር" አሉ አያ ኤሊ።

ጃርት ቀንዱን ከእጁ ነጠቀችና አተር ሞልታ ቅሉ ውስጥ ገለበጠችው። አልሞላም። ደገመች። አልሞላም። እሾኋ አንድ በአንድ ቆመ። "ለካ ሆዴን በከንቱ ነው የሰደብኩት" አለች። ጥንቸልም ቅሉ ውስጥ አጮልቃ አይታ "የት አባቱ ነው የሚገባው የምለው አተር እዚህ ኖሯል" አለች።

እመት ፍልፈልም አባ ጎፈር ልጇን ለቅማል ለቀማ እንደጠየቃት ለሽማግሌው ተናገረች። ፍርዱ አጭር ነበር። የተሰፈረው አተር በሙሉ ላለፈው ረሃብ ካሣ ለአራሾቹ ይሁን። ያልተሰፈረው ለሁለት ይከፈል፤ ለሁሉም በአንድ ቅል። ልጅቷን ወደ ገደል የሚጠራ ዳግመኛ አውድማ እንዳይረግጥ። ቀንዱም ይሰበር።

"ቀንዱ አይሰበር" አለች ድንቡሼ። "ይነፋል እኮ።"

ጥንቸል ጫፉን በጥርሷ ቆረጠችው። ድንቡሼ ጉንጯን ሞልታ ነፋችው። ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ፣ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። አባ ጎፈር ጎፈሩን አዝሎ ሽቅብ ሲወጣ ድምፁ ከኋላው ነበር።

አራሾቹ አተሩን እየተሸከሙ ወደየቤታቸው ገቡ። እመት ፍልፈል ተጨማሪ ጎተራ መቆፈር ነበረባት፤ ያኛውም ሞላ። ጃርት ልጆቿን ሰብስባ እልፍኟ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ ምን ብላ መጠየቅ እንደምትጀምር ግን ጨነቃት። ሄዳ የእመት ፍልፈልን ደጅ አንኳኳች።

"እታለም፣ እንዴት ነበር የምትጠይቂያት?"

"ግቢ" አለቻት። "እኔም የማስተምር መስሎኝ ስማር ነው የከረምኩት።"

ለዚህ ነው በዚያ አገር፦

ከልጁ ጋር የሚጫወት ወላጅ፣
በአውድማ አያጣም ፈራጅ፤

የሚባለው።