በንጉሡ ጭን ውስጥ የተገኙ ከሃዲዎች

ይህን ተረት በመጻፌ አስቀድሜ ታላቁንም ታናሹንም ይቅርታ እለምናለሁ፤ ስለ ንጉሥ ጭን ነውና፣ የንጉሥ ጭን ደግሞ በጨዋ ፊት የሚነሣ ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ ያረጀ አንበሳ ነበር። በዚያ አገር ልማድ ክረምት በወጣ ቁጥር ንጉሡ አራዊት ሁሉ እያዩት ገደሉን በአንድ ዝላይ ይሻገራል፤ ካልተሻገረ ዙፋኑን ይለቃል። አንበሳው ቀኑ ሲቃረብ ተደብቆ ይለማመድ ጀመር። ነገር ግን በተንጠራራ ቁጥር የኋላ ጭኑ ሳያስፈቅደው ኩምትር ይልና ይመልሰዋል።

መካሪውን እመት ቀበሮን አስጠራ።

«ጭኔን ምን ነካው?»

ቀበሮዋ ዳሰሰች፣ ተከዘችና «ጃንሆይ፣ በሥጋዎ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች አሉ» አለች። «ሥራቸው ማድመጥ ነው። ሥጋው ሲለጠጥ አብረው ይለጠጣሉ፤ ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ በምን ያህል ፍጥነትም እንደተለጠጠ ወዲያው ለአከርካሪ ይናገራሉ። አከርካሪም ጭኑን ‹ሳትበጠስ ተሰብሰብ› ብሎ ያዘዋል።»

«እኔስ መቼ ነው የምሰማው?»

«እርስዎማ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።»

አንበሳው አገሣ። «በገዛ ጭኔ ውስጥ፣ እኔ ሳልሰማ ትእዛዝ ይወጣል?»

ደጅ የቆመው አህያ ፈራ ተባ እያለ፣ «ጃንሆይ፣ እኔም አሉብኝ» አለ። «ቁልቁለት ላይ ጭነት ሲያንሸራትተኝ እነሱ ባይኖሩ ድሮ ተሰንጥቄ ነበር።»

«ይኸው፣ ግብረ አበርም ተገኘ!» አለች ቀበሮዋ።

ፍርዱ አጭር ነበር። የንጉሡ ወታደር አያ ጅቦ አህያውን በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ለሁለተኛው ሥራ ቀረበ።

«ከክሮቹ ወደ አከርካሪ ወሬ የሚያደርሰውን ነርቭ ንቀል» አለችው ቀበሮዋ።

«ሥጋውንስ?»

«ሥጋውን ተው!»

«ትንሽዬ ብቻ?»

«ኧረ ተው፣ አንተ ሆዳም!»

ጅቡ ነርቩን ነቀለ፤ አብሮ የመጣውን ቁራጭ ግን ዞር ብሎ ዋጠ። አንበሳው ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ቻለ፣ ከዚያም ተንጠራራ። ጭኑ ዝም።

«እሰይ፣ አገር ሰላም ሆነ!» አለ።

ቀኑ ደረሰ። አራዊት በገደሉ አፋፍ ተሰለፉ። አንበሳው ተንደርድሮ ዘለለ። እግሩ ከልኩ በላይ ተለጠጠ፤ የሚናገር የለም፣ የሚሰበስበውም የለም። ጭኑ እንደ አሮጌ ጆንያ ተተረተረና ንጉሡ ገደሉ ሥር ተከሰከሰ።

ቀበሮዋ ግራ ቀኝ ተመለከተችና «ጃንሆይ ተሻገሩ!» ብላ ጮኸች። አራዊቱም የአህያውን መበላት አስበው እልል አሉ።

ከታች አንበሳው ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ ወዴት እንደተዘረጋ ግን ሊያውቅ አልቻለም። አያ ጅቦ፣ መቼም ሊረዳ ይሆናል፣ እየተንደረደረ ወረደ።

«አያ ጅቦ፣ እግሬን አላየኸውም?»

«አይዞዎት ጃንሆይ፣ አግኝቼዋለሁ» አለ ጅቡ፣ አፉ ሞልቶ።

ከዚህ የምንማረው «ከልክ አለፈ» የሚለንን የገዛ ሥጋችንን ዝም ያሰኘን ዕለት ሲበሉን እንኳ የሚነግረን እንደማይኖር ነው።

አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት፤ በተለይ ሊዘል ለተንደረደረ።