ባሻ ላቀው የደፉት ውሃ

—ተረት ተረት!
—የሰማይ በረከት!

በድሮ ዘመን፣ ሰው መሐላውን በሚጠብቅበት ጊዜ፣ ዛሬማ ምሎ ለመካድ እራቱን እስኪበላ እንኳ አይቆይም፣ በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ባሻ ላቀው የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ከገደሉ በላይ ደጋ ነው። ከገደሉ በታች ቆላ ነው። ባሻ ሚስታቸው ሞተውባቸው አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታቸዋለች። ስሟ እናንየ ነው። ጠዋት ጠዋት ከምንጭ ትቀዳና እንስራዋን አዝላ እያዜመች ትመጣለች። ባሻም ድምጿን ከሩቅ ሲሰሙ ባዶው ቤት ይሞላላቸዋል።

አንድ ቀን በበጋ ከቆላ ሽማግሌዎች መጡ። አንሙት ለሚባል ገበሬ እናንየን ሊጠይቁ ነው። ሁለቱ በገበያ ተያይተው ተዋደዋል። እርሷም ጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች።

ባሻ አረቄያቸውን ጨለጡና፦
«ቆላ? ቆላ የወረደ ነገር መቼ ተመልሶ ያውቃል?» አሉ። ከዚያም ተነሡና ገና የተቀዳውን እንስራ አንሥተው ግቢው ላይ ደፉት። «ይህ ውሃ ተመልሶ እዚህ እንስራ ከገባ ልጄን እድራለሁ። ካልገባ አልድርም። ሚካኤልን!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፦
«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በሉ እንነሣ» አለ። ከዘራቸውን ይዘው ገደሉን ወረዱ።

እናንየ ወጥታ የፈሰሰውን አየች። ጥቂቱን አፈሩ ጠጣው። ጥቂቱ በቦዩ አድርጎ ወደ ወንዙ ወረደ። የቀረውን ፀሐይ ላሰችው። እንባዋ መጣና ወደ አክስቷ፣ ወደ ባሻ እህት ወደ ጥሩየ ሮጠች።

ጥሩየ አረቄ ታወጣለች። ድፍድፉ እሳት ላይ ይፈላል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ማሰሮ ይገባና ጠብ ጠብ ይላል።

«ምነው ዓይንሽ ቀላ? የኔ ጭስ እንኳ ገና አላገኘሽም!» አለቻት።

እናንየም ሁሉን ነገረቻት። ስትነግራት ስትነግራት ዓይኗ ማሰሮው ላይ አረፈና፦
«አክስቴ፣ ይህ ጠብታ ከድፍድፉ የወጣው ነው?» አለች።

«ታዲያ ከጎረቤት ይመጣል? ተነነ፣ ቀዘቀዘና ወረደ።»

እናንየ ጠብታውን በጣቷ ነካች፣ ቀና ብላም ሰማዩን አየች። ከዚያም በሳቅ ፈረሰች።

«ወይኔ ልጄን! ጠናባት!» አለች ጥሩየ።

ክረምት ገባ። እናንየ ያችኑ እንስራ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር አኖረቻት። ዝናቡ ወረደ፣ ወረደና እስከ አንገቷ ሞላት። ሲያባራ ልጅቱ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ያዘችና፦
«በሕግ አምላክ!» አለች። ነጠላዋንም ከጋቢያቸው ጋር ቋጠረችው። በዚያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት።

«አባትሽን?» አሉ ባሻ፣ ዓይናቸው ፈጦ።

«መሐላ አለብዎ፣ አባባ።»

መንገደኛም ቢሆን ዳኘን ከተባለ እምቢ አይልም ነበር። አንድ ሽበታም ሰው በበቅሎ ሲያልፉ ለመኗቸውና ዳኛ ሆነው ከግቢው አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። አገሩ የዝናብ ገሳውን እንደ ለበሰ ወጣ። ጥሩየም መጣች። እናንየ እንስራዋን ፊታቸው አስቀመጠችና፦
«አባቴ የደፉት ውሃ ተመልሷል። ቃላቸውን ይፈጽሙልኝ» አለች።

«ይህ የዝናብ ነው! እኔ የደፋሁት የምንጭ ነው!» አሉ ባሻ።

«ምንጩስ ከየት አገኘው? በጋውን ሙሉ ስቀዳ የከረምኩት ምድር እንደ ጎተራ ያኖረችውን የአምናውን ዝናብ አይደለም?»

«የኔው ቆላ ወርዷል!»

«ያውና ሲመለስ!» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። ከወንዙ የተነሣው ጉም ገደሉን እየቧጠጠ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር።

ባሻ ግን ነገር ያውቃሉ፦
«ያው ስለ መሆኑ ምልክቱ የታል? በሬ ነው እንዴ፣ ጆሮው የተበጣ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እናንየ አንገቷን ደፋች። ከዚያም ቀስ ብላ፦
«አባባ፣ አረቄውስ? እርሱም በእንፋሎት ሄዶ ነው የወረደ። ከድፍድፉ የወጣው ስለ መሆኑ ምልክት ጠይቀው ያውቃሉ?»

ዳኛው ጢማቸውን እያሻሹ፦
«ባሻ፣ ይመልሱ። ያው ነው ወይስ አይደለም?» አሉ።

«አይደለም ካልክ፣» አለች ጥሩየ ከኋላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ድፍድፉን ትጠጣታለህ!»

ሾላው ሥር ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባሻም ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቃቸው ቀደማቸው።

«ያው ነው። ተረትቻለሁ» አሉ።

ዳኛውም፦ «እንግዲያው ቋጠሮውን ፍቱ» አሉ። ባሻ ጣታቸውን ሰደዱ። ቋጠሮው የላላ ነበር። እርሳቸው ግን ሊፈቱት አልቻሉም።

«ውሃስ መንገዱን ያውቃል፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺስ?»

እናንየ ያን ጊዜ ገባት። እጃቸውን ያዘችና፦
«በጉሙ መንገድ እመጣለሁ፣ አባባ። በክረምት ይጠብቁኝ» አለች። ቋጠሮውንም አብረው ፈቱት።

በጥር ሠርጉ ሆነ። ተበላ፣ ተጠጣ። ጥሩየ አረቄዋን ያለ ስስት ቀዳች፣ ቆላና ደጋ አንድ ላይ ጨፈረ። እናንየም ገደሉን ወረደች።

በጋው አለፈ። ሁለት ክረምት፣ ሁለት በጋም ተተካ። በየክረምቱ መጥታ ታያቸው ነበርና፣ በሦስተኛውም ክረምት ባሻ እንስራዋን ከጠፈጠፉ ሥር አኑረው አፋፉ ላይ ቆሙ። ከታች ጉም ብቻ ነው። ከዚያም ከጉሙ ውስጥ ዜማ ተሰማ። ቀጥሎ ነጠላ ታየ። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ትወጣለች። ፊቷ አይታይም፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። አጠገባቸው የቆመ አንድ ጎረቤት፦
«ባሻ፣ ማን ትሆን?» አላቸው።

ባሻ ላቀው ምልክት አልጠየቁም። በሽበታቸው እየዘለሉ፦
«ያችው ናት!» አሉ። «ያችው ናት!»

እናንተም ተረቴን እንደ ዝናቡ መልሱ፤ የደረቀ አፌን በትኩስ ቂጣ አብሱ።