በናስ የከበደ ጠመንጃ

«አንድ አዳኝ ነበረ» አሉ መምሬ ዘውገ። የንስሐ ልጃቸው ደምሰው ጥያቄውን ገና መጨረሱ ነበር፦ «አባቴ፣ እርሻውን፣ የዕድሩን ዳኝነት፣ የሠፈሩን ሽምግልና ሁሉ ለልጄ ባስረክበው ጎበጠብኝ። ደካማ ልጅ ነው እንዴ የወለድኩት?»

አዳኙ አውሬ በጣለ ቁጥር ጠመንጃው ላይ አንድ የናስ ቀለበት ያስገጥም ነበር። ጠመንጃው ውሎ አድሮ እንደ ሙሽራ አጌጠ። ጉልበቱ ሲከዳው ለልጁ አወረሰው። ልጁ ደጅ ላይ ብድግ ቢያደርገው አልከበደውም፤ ደጅ ላይ ደግሞ ምን የሚከብድ ነገር አለ!

በዚያው ዓመት ነብር ከተራራው እየወረደ የመንደሩን ፍየል ይፈጅ ጀመር። የልጁ ሚስት ወልዳ ጡቷ ደርቆባት ስለነበር ጨቅላዋ ነፍሷን ያቆየችው በአንዲት ፍየል ወተት ነው። ልጁ ስንቁን አዝሎ፣ ጠመንጃውን አንግቦ ወጣ። ዳገቱ ራስ ላይ ነብሩን አገኘው። ክንዱ ግን ዝሎ ነበርና አፈሙዙ አዘቀዘቀበት፤ ሳተ። ሌላ ቀን ቀላል ጠመንጃ ከጎረቤት ተውሶ ወጣ። ያኛው ደግሞ ከመቅለሉ የተነሳ በተነፈሰ ቁጥር እየተወዛወዘ አስቸገረው፤ አሁንም ሳተ።

አባትየው አፈረበት። «እኔ በአንተ ዕድሜ…» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ልጁ ለመታጠብ ሸሚዙን አወለቀ። ማንገቻው ትከሻውን ልጦታል። ሽማግሌው ቀርቦ ቁስሉን ዳበሰው።

«ልጄን! እኔ እኮ አንድ አንዱን ነው የለመድኩት። አንተን ባንዴ ጫንኩህ።»

ጉጠት አንስቶ ቀለበቶቹን በገዛ እጁ ይነቅላቸው ጀመር። እያንዳንዱ የጉብዝናው ወራት ነውና እያለቀሰ ነቀላቸው። በገመድ ሰክቶም ለጨቅላዋ መጫወቻ አደረጋቸው።

በማግስቱ ልጁ ያንኑ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ወጣ። ከተራራው አንድ ተኩስ ተሰማ። ጨቅላዋም ወተቷን ጠጥታ አደገች።

መምሬ ወደ ደምሰው ዞሩ። «ልጅህ ደካማ አይደለም፣ ደምሰው። እርሻው ጠመንጃው ነው፤ አትንሳው፣ ሲበዛ የቀለለም ያስታል። ዳኝነቱና ሽምግልናው ግን ናስህ ናቸው፤ በስንት ዘመን የለበስካቸውን በአንድ ጀንበር አለበስከው። ፍታለት። ጊዜው ሲደርስ የራሱን ያስገጥማል። አሁን ቤትህ ግባና፣ ከመቆጣትህ በፊት ትከሻውን እየው።»