የሰዋለም ኪኒንና የዋንዛው ጥላ

ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። አንዷን ብዘላት ሁሉም ይበጠስብኛል።

ሰዋለም የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ነበረች። ኪኒኗ አለቀ። ማታ ካልዋጠች ትወድቃለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ምድጃ አለ። እናቷ ትጓደድ ይዛት ወደ ጤና ኬላው ሮጠች።

ነርሷ ምንታምር ኪኒኑ ነበራት። ግን ሐኪሙ መጠኑን ትናንት ለውጦ ከከተማ በጤና ኬላው ታብሌት ልኮላት ነበር፤ ስንት እንደሆነ ሳታይ ባትሪው አልቆ ተዘጋ። «በግምት መስጠት እፈራለሁ፣ እቴ» አለቻት።

ትጓደድ ታብሌቱን፣ «ተከፈት፤ ሲስተር ታንብብ፤ ልጄ ትዋጥ» አለችው። ታብሌቱም ርቦኛል፣ ሶላሩ ያብላኝ አለ።

ሶላሩን፣ «ታብሌቱን አብላው፤ ታብሌቱ ይከፈት፤ ሲስተር ታንብብ፤ ልጄ ትዋጥ» አለችው። ሶላሩም ከጣሪያው ላይ ሆኖ፣ የዋንዛው ቅርንጫፍ ፀሐይ ጋረደብኝ አለ።

ቅርንጫፉን፣ «ተነሳ፤ ሶላሩ ታብሌቱን ያብላ፤ ታብሌቱ ይከፈት፤ ሲስተር ታንብብ፤ ልጄ ትዋጥ» አለችው። ቅርንጫፉም ሳልቆረጥ እንዴት እነሳለሁ፣ ለባለቤቴ ለጋሽ ውብነህ ንገሪ አለ።

ጋሽ ውብነህን፣ «ቅርንጫፉን ይቁረጡ፤ ቅርንጫፉ ይነሳ፤ ሶላሩ ታብሌቱን ያብላ፤ ታብሌቱ ይከፈት፤ ሲስተር ታንብብ፤ ልጄ ትዋጥ» አለቻቸው። መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ፤ ግን ቀፏቸው እዚያው ላይ ተሰቅሏልና ንቦቹ ሳይወርዱ አልቆርጥም አሉ።

ንቦቹን፣ «ውረዱ፤ ጋሽ ውብነህ ቅርንጫፉን ይቁረጡ፤ ቅርንጫፉ ይነሳ፤ ሶላሩ ታብሌቱን ያብላ፤ ታብሌቱ ይከፈት፤ ሲስተር ታንብብ፤ ልጄ ትዋጥ» አለቻቸው። ንቦቹም፣ እህቶቻችን አበባ ላይ ናቸው፤ ተመልሰው ቤታቸውን ቢያጡስ? ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባሉ፣ ያን ጊዜ አውርዱን አሉ።

ፀሐይ ከጠለቀችማ ሶላሩ ምን ይበላል?

ትጓደድ ዛፉ ሥር ቁጭ አለች። ማንን ትቆጣ? ሁሉም እውነታቸውን ነው። ቀና ብላ ሶላሩን አየችው።

«ንቦቹ እህት አላቸው። ዛፉ ሥር አለው። አንተን እዚያ የያዘህ ምንድን ነው?»

ሶላሩ አፈረ። «አራት ብሎን» አለ።

ጋሽ ውብነህ መጥረቢያቸውን አዩት። «እኔ ሞኙ! ካቻቢቴ አምጡ እንጂ» ብለው ጣሪያው ላይ ወጡ።

ብሎኑ ተፈታ፤ ሶላሩ ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆመ። ንቦቹ በቀፏቸው፣ ቅርንጫፉም በዛፉ ቀረ። ሶላሩ ታብሌቱን አበላ፤ ታብሌቱ ተከፈተ፤ ሲስተር አነበበች። አነበበችና ቁጭ አለች።

«አንድ ተኩል ሆኗል። ብገምት ኖሮ አንድ ነበር የምሰጣት።»

አንድ ተኩል ቆጥራ ሰጠቻት። ሰዋለም ዋጠች። እናቷ ግን አፏን አስከፍታ፣ ምላሷን አስነስታ፣ ሥሩን አየች።

ወርዷል።