ነፋስ የጠፋበት አውድማ

«አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ከራሱ ክንድ ሌላ የሚያምነው ነገር አልነበረውም።»

አባ ጽጌ ምሳሌውን የጀመሩት እንዲህ ነው፤ ያለ መንደርደሪያ። ፊታቸው የተቀመጠው የንስሐ ልጃቸው፣ ልብስ ሰፊው እንዳላማው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እስከ ቤታቸው ተከትሏቸው መጥቶ፣ መቀመጫው እንደማይመቸው ሰው እየተቁነጠነጠ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቋቸዋል። «አባቴ፣ ጾሙን አላጎድልም። ስግደቱን አላጎድልም። የሰው እጅ አላይም። ታዲያ እግዚአብሔር ለሌላው ሲደርስለት አያለሁ፣ ለእኔ ግን ዝም ይለኛል። ልቤ አላርፍ አለ። ምን ጎድሎብኝ ነው?» አባ ጽጌ ደግ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ግን አጭር ነው፣ ሲመክሩም የሚቆጡ ይመስላሉ። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀጠሉ።

ያ ገበሬ ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። ዶሮ ሳይጮህ ይነሣል። በሬዎቹ ቢደክሙ እሱ አይደክምም። ማሳው ውስጥ አንዲት አረም ብታገኝ፣ ተሳስታ የበቀለች ናት። ነውሩ ሌላ ነበር፤ ሰው እንዲረዳው አይፈልግም። ሌላው ደቦ ሲጠራ ይሄዳል፣ ከሁሉ በላይ ይሠራል፣ የቀረበለትን ጠላ ቀመስ አድርጎ ይመለሳል። እሱ ግን ደቦ አይጠራም። ሰው ሁሉ የእሱን ውለታ ተሸክሞ ሲሄድ ማየት ደስ ይለዋል፤ የሌላውን ውለታ መሸከም ግን ለእሱ ሞት ነው። ይህን ጠባዩን «ጨዋነት» እያሉ የሚያመሰግኑት ሞኞች ነበሩ።

ከአንድ ነገር ብቻ ማምለጫ አልነበረውም፤ ከአውድማው። የመንደሩ አውድማ ከጉብታው ጫፍ ላይ ነው፤ የሁሉም ነው። ዕጣ ይወጣል፣ ተራህ ሲደርስ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ በሬ ያለው በሬውን፣ መንሽ ያለው መንሹን ይዞ ይመጣል። እህሉን የሚረግጠው በራይ ይነዳል፣ ይዘፈናል፣ ይቀለዳል። አንድ ዓመት የዚህ ሰው ጤፍ ሲወቃ፣ አያ ቸኮል የሚባል አንደበቱ የማያርፍ ጎረቤቱ ላቡን እየጠረገ፣ «እኛ ባንኖር ይሄ ሁሉ ለወፍ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። አያ ቸኮል ቀልዱን እዚያው ጥሎት ወደ ቤቱ ሄደ። የእኛ ሰው ግን ይዞት ሄደ። ሲበላ አብሮት በላ፣ ሲተኛ አብሮት ተኛ። «እነሱ ባይኖሩ! እኔን! እነሱ ባይኖሩ!» እያለ ክረምቱን ከረመ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከቤቱ ጓሮ ከጉብታው ትከሻ ላይ፣ የግሉን አውድማ ያበጅ ጀመር። መሬቱን ደለደለ፣ ጠጠሩን ለቀመ። ከዚያ በመንደሩ አውድማ በኩል፣ በምሥራቅ፣ የድንጋይ ካብ አቆመ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የቆመ ሰው እስኪሸሽግ ድረስ ካበው። ከወዲያ የሚመጣ ዓይን እንዳያየው፣ ከወዲያ የሚመጣ ቀልድ እንዳይደርስበት ነው። አንዲት ጠጠር እንኳ ያቀበለው ሰው የለም። የክረምቱ ነፋስ ከምዕራብ እየመጣ ጀርባውን ሲያቀዘቅዝለት፣ ሥራው የተባረከ መሰለው። ሚስቱ መጥታ ካቡን ከላይ እስከ ታች አየችና፣ «ይሄ ለከብት ነው ለሰው?» አለችው። «ለሰላሜ ነው» አላት።

ታኅሣሥ መጣ። ጤፉን ብቻውን አጨደ፣ ብቻውን ከመረ። አውድማውን በእበት ለቀለቀና በራሱ በሬዎች ብቻውን አበራየ። ገለባውን በመንሽ አንሥቶ ሲጨርስ፣ ከእብቁ ጋር የተቀላቀለው ፍሬ መሐል ላይ ተቆለለ። ያማረ ምርት ነበር። አሁን የቀረው ማዝራት ነው፤ በላይዳ፣ በእንጨቱ መዝሪያ፣ ወደ ላይ ትበትነዋለህ፣ ነፋሱ እብቁን ይወስዳል፣ ፍሬው እግርህ ሥር ይወርዳል። ልብ በል፣ ይህ ሥራ እንደ ሌላው በጉልበት አይገፋም።

ላይዳውን አነሣና በተነ። ሁሉም ተመልሶ እራሱ ላይ ወረደ፤ ፍሬውም፣ እብቁም። እንደገና በተነ። እንደገና ወረደበት። ዓይኑን አሸ፣ ተፋ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ። አፈር ቆንጥሮ ለቀቀ፤ አፈሩ ቀጥ ብሎ ጫማው ላይ ወደቀ። «ይመጣል» አለ። ጠዋት ጠበቀ፣ አልመጣም። ከሰዓት ጠበቀ፣ አልመጣም። በማግሥቱም እንዲሁ። ከካቡ ማዶ ግን ዘፈን ይሰማል፣ የላይዳ ድምፅ ይሰማል፤ ቀና ሲል የጎረቤቶቹ እብቅ በካቡ አናት ላይ እየበረረ ሲያልፍ ያየዋል። ከዚያም አልፎ አንዳንዱ ዞር ብሎ በእሱ ምርት ላይ ያርፍ ነበር! በዚህ ጊዜ ደሙ ፈላ። «ለእነሱ ነፋስ፣ ለእኔ ግርዳቸው! እግዚአብሔርም ወገን አለው ማለት ነው?» አለ። አየህ፣ አንተም ዛሬ እንዲህ ነው ያልከኝ፤ አንተ ጨዋ ስለሆንክ ለስለስ አደረግከው እንጂ።

ሚስቱ ታየዋለች። ጎተራው ከተጠረገ ሰንብቷል። ልጆቹ የሚበሉት እሷ ከእህቷ ቤት በነጠላዋ ሸፍና የምታመጣውን ዱቄት ነው፤ እሱ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፣ ማወቅ አልፈለገም። «አንተ ሰው» አለችው፣ «ጎረቤቶቹን እንጥራቸው። ተሸክመን ወደ ላይኛው አውድማ እናውጣው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»

«አልጠራም።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«በታኅሣሥ? ዝናብ?»

«ቢመጣስ ነው ያልኩህ! ኩራትህን ቀቅዬ ለልጆቼ አላበላ!»

እሱ ነጠላውን አደግድጎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከሰው ፊት ቀድሞ ቆመና ተሳለ። «ጌታዬ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ለፍቻለሁ፣ የማንንም አልነካሁም። ነፋስ ብቻ ስጠኝና ሰው ፊት አታዋርደኝ። የወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አገባለሁ።» እንግዲህ ስማው! ነፋሱን የለመነው ምርቱ እንዲገባ ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይጠራ ነው። እግዚአብሔርን የጠራው ጎረቤቱን ላለመጥራት ነው። እንዲህ ያለ ጸሎት ወዴት ይሄዳል?

ሲመለስ ሰማዩ ተለውጧል። ከቆላው በኩል፣ ያለ ጊዜው፣ ጠቆር ያለ ደመና እየተነሣ ነው። ወደ ቤት ሮጦ የሚተኛበትን ቁርበት አወጣና ለሚስቱ ላይዳውን ሰጣት። «አንቺ በትኚ፣ ነፋሱን እኔ አመጣዋለሁ» አላት። የበሬ ቁርበት ነው፤ ደርቋል፣ ከብዷል። በሁለት እጁ ይዞ ያራግብ ጀመር። እውነትም ትንሽ እብቅ ተነሣ። ደስ አለው። አራገበ። ክንዱ ዛለ፣ አራገበ። ትንፋሹ አጠረ፣ አራገበ። ከዚያ ቀና ብሎ ቢያይ ቁልሉ እንደነበረ ነው፤ ደመናው ግን እንደነበረ አይደለም። ነጎድጓድ ተሰማ። ሚስቱ ላይዳውን ጥላ አለቀሰች። እሱም ቁርበቱ ከእጁ ወደቀ፤ ጣቶቹ አልዘረጋ አሉት። እንደ ምንም እየተንገዳገደ ሄደና ጀርባውን ለካቡ ሰጥቶ ቁጭ አለ።

እንደተቀመጠ ማጅራቱን በረደው። ላብ ነው ብሎ ጠረገው። ደግሞ በረደው። ዞር ብሎ ቢያይ፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ በቀዳዳዋ የተሰካች አንዲት የሣር ዘለላ እየተርገበገበች ነው። ፊቱን አስጠጋ። ነፋስ ነው። ብርቱ የበጋ ነፋስ፣ ከምሥራቅ፣ ሳያቋርጥ ድንጋዩን እየገፋ ቆሟል።

በአገራችን የክረምት ነፋስ ከምዕራብ፣ የበጋ ነፋስ ከምሥራቅ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እሱም ያውቃል። ግን ካቡን ሲክብ ያሰበው ሰውን እንጂ ነፋስን አልነበረም። ሰው የሚመጣበትን መንገድ ዘጋ፤ ነፋሱም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነበር። ለካ ነፋሱ አንድ ቀን እንኳ አልቀረበትም። እነዚያን ቀናት ሁሉ እዚያው ደጅ ቆሞ ነበር።

ብድግ ብሎ የላይኛውን ድንጋይ ጨበጠ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። በመስከረም እንደ ዳቦ ያነሣው ድንጋይ ነው፤ አሁን ግን ክንዱ አልታዘዝ አለ፣ ጉልበቱን ሁሉ በቁርበቱ ላይ ጨርሶታል። ሳበ፣ ገፋ፣ በትከሻው መታው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘው፤ የልጆቹ ፊት ታየው። አፉን ከፈተ፤ የሚለውን ቃል በዕድሜው ብሎት አያውቅምና ድምፁ እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። «እግዚኦ!» ብሎ ጀመረ፣ «አያ ቸኮል! ጎረቤቶች! አልቻልኩም፣ ድረሱልኝ!» ብሎ ጨረሰ።

ከማዶ ዘፈኑ ተቋረጠ። አያ ቸኮል የራሱ ምርት ገና ግማሹ ከእብቁ አልተለየም ነበር፤ ያገኘውን ቁርበት አለበሰውና ሮጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ምን ሆንክ ብሎ የጠየቀ የለም። ካቡን ከወዲያ ያዙት፤ እሱ ከወዲህ በደረቱ ገፋ። «ሲካብ ብቻህን በላኸው» አለ አያ ቸኮል እያቃሰተ፣ «ሲፈርስ እንኳ ታቀምሰናለህ!» ሰውዬው ሳቀ፤ እያለቀሰ ሳቀ። ድንጋዩ ተንዶ ሲወርድ ነፋሱ ባንድ ጊዜ ገባ። ሚስቱ ላይዳውን አነሣች፣ ሁሉም አነሡ፣ በተኑ። እብቁ ወደ ምዕራብ ነጎደ፤ ጤፉ ጠርቶ ወረደ። ዝናቡ ጠንክሮ ሲመጣ ዳር ዳሩን አገኘው፤ ጥቂት ረጠበ፣ ጥቂት ጠፋ። የቀረው ጎተራ ገባ።

ማዕድ ሲቀርብ እጁ ወደ አፉ አልነሣ አለው። ያ የማንንም እጅ የማያይ ሰው፣ በልጆቹ ፊት፣ አያ ቸኮል እያጎረሰው በላ። በልቶም ጠገበ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ እንቅልፍ ወሰደው። ስንት ወር ያላገኘው እንቅልፍ ነው።

አባ ጽጌ ምሳሌውን እዚህ ላይ ጨርሰው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«እንግዲህ እንዳላማው ልጄ፣ ምን ጎድሎብኝ ነው ብለህ ጠየቅከኝ። የጎደለህ የለም። የተረፈህ ነገር ነው ያለው። ጾምህ ላይዳ ነው፣ ስግደትህም ላይዳ ነው፤ እንዳትጥለው፣ ላይዳ የሌለው ሰው ነፋስ ቢመጣለትም ቆሞ ነው የሚያየው። ነገር ግን ላይዳ ነፋስ አይሆንም። ጸጋው የእግዚአብሔር ነው፤ አልቀረብህም፣ ደጅህ ቆሟል። አንተ ግን የሰው እጅ አላይም ስትለኝ እንደ ጽድቅ አድርገህ ነው የነገርከኝ። ያ ጽድቅህ ካብህ ነው። በጸሎትህ ላይ ለእግዚአብሔር የሠራኸውን ሁሉ ትነግረዋለህ። አልቻልኩም ያልከው መቼ ነው?»

እንዳላማው የነጠላውን ጠርዝ ስፌት በጣቱ ዳበሰ።

«ዓይኔ እየጠፋ ነው አባቴ» አለ። «መርፌው አይታየኝም። ስፌቱን በዳበሳ ነው የምሠራው። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለማንም አልነገርኩም።»

«ለእግዚአብሔርስ?»

«ለእሱም።»

አባ ጽጌ ቁጣቸው ሁሉ ከፊታቸው ጠፋ። ጠጋ ብለው እጁን ያዙት።

«በል እንግዲህ፣ አንዱ ድንጋይ ወረደ» አሉት። «ተነሥ፣ ሌላውን አብረን እናውርደው።»