የዳኛው ሰባት ጉርሻ

አንድ ሰው ነበር። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ ይገባል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። በከተማው በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ዳኛው» ነው የሚሉት። ሚስቱ አልጋነሽ እንኳ ስትቆጣው «አንተ ዳኛው!» ትለዋለች።

ታዲያ ምን ሆነ? ሆድ መጣ።

ሆድ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ሸሚዝ ይጠብባል፤ «ሲታጠብ ገባ» እንላለን። ቀጥሎ የጫማ ክር ለማሰር መጎንበስ ያቅታል፤ «ወገቤን ብርድ መታኝ» እንላለን። የእኛን ሰው ያጋለጠው ግን ኳሱ ነው። ኳሱ እዚያኛው ጎል ደርሶ ሲመለስ እሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ ነው። ተመልካች ደግሞ ርኅራኄ የለውም።

«ዳኛው፣ ባጃጅ እንጥራልህ?»

«ኳሷ የት ጠፋች? ዳኛው ሆድ ውስጥ ፈልጉ!»

በመጨረሻ የዳኞች ኮሚቴው ሁሉንም ሰብስቦ ተናገረ። «ከሦስት ወር በኋላ የሩጫ ፈተና አለ። ሜዳውን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ስድስት ጊዜ ያልዞረ ዳኛ ፊሽካውን ይመልሳል።»

ሰውየው ያን ቀን ምሳ አልበላም። መጋዘን ውስጥ ስድስት ቀን ሲውል «አንተ፣ ና፤ ጆንያውን አንሣ» የሚባል ሰው ነው። እሑድ ከሰዓት ግን ሃያ ሁለት ጎልማሳ በእሱ ፊሽካ ይቆማል፣ በእሱ ፊሽካ ይሮጣል። ያን ቢወስዱበት ምን ይቀረዋል?

ስለዚህ የእህል ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና ስድስት ኪሎ። ለአንድ ኩንታል አራት ኪሎ ብቻ ጎደለው። ጤፍ ቢሆን ኖሮ የመጋዘኑ ባለቤት ደስ ይለው ነበር።

ቆረጠ። ጠዋት ቅንጬ፣ ቀን ግማሽ እንጀራ በጎመን፣ ማታ ትንሽ ሾርባ። በየማለዳው እስከ ወንዙ ድረስ ፈጠን ብሎ እየተራመደ ይመለሳል። በአምስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ዘጠና አለ። ሰውየው ከሚዛኑ ሲወርድ ለራሱ ፊሽካ ነፋ ይባላል።

ከዚያ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሚካኤል ማኅበር ደረሰ። ተረኛው ጋሽ ብዙአየሁ ነበሩ። ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ ምሎ ነው የወጣው፤ «ቀምሼ እነሣለሁ» ብሎ። አዎ፣ ቀመሰ። ሊነሣም ነበር። ግን የጋሽ ብዙአየሁ ባለቤት እትዬ የሺመቤት አዩት።

«ምነው ዳኛው? ዶሮዬ አልጣፈጠህም?»

«ኧረ በጣም ይጣፍጣል እትዬ፤ በቃኝ ብዬ ነው።»

«በቃኝ? አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ።»

ጎረሰ። ሊቆም ሲል እጁን ያዙት።

«አንድማ ያጣላል! ልትጣላኝ ነው?»

ሁለተኛውንም ጎረሰ። ጋሽ ብዙአየሁ ደግሞ «የእሷን ጎርሰህ የእኔን ልትተው? በሞቴ!» አሉ። ከወዲያ ማዶ አንዱ የማኅበር ወንድም ተነሣ፤ «ባለፈው እሑድ ያላግባብ ያስወጣኸኝን ይቅር ብዬሃለሁ፤ እንካ!» አለው። ይቅርታ ሲያጎርሱት እንቢ የሚል ማን ነው? ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሰባት ሆነ። እያንዳንዱ ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል።

እዚህ ላይ እጠይቃችኋለሁ፦ ሰውየው የወደቀው እዚህ ነው?

ቆዩ፣ አትፍረዱ።

ቤቱ ገባ። አልጋነሽ ከቁርስ የተረፈ ጨጨብሳ ከድና አስቀምጣለች። ሰውየው ክዳኑን አነሣ። «እንግዲህ አንዴ ገድፌያለሁ» አለ በልቡ። «የተገደፈ ተገድፏል። ከአሁን ወዲያ ምን ቀረኝ?» ጨጨብሳውን ጨረሰ። ከዚያ የተስፋ ቃል ተናገረ፦

«ከሰኞ እጀምራለሁ።»

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ረቡዕ በላ፣ ሐሙስ በላ፣ ዓርብ በጾሙ ምግብ በላ፣ ቅዳሜና እሑድ «ከሰኞ ጀምሮ ሊቀርብኝ ነው» ብሎ ይበልጥ በላ። ሰኞ ደረሰ። ግን ማግስቱ ገብርኤል ነው፤ ጎረቤት ጠርታለች። ነገ ለሚገደፍ ዛሬ መጀመር ምን ይጠቅማል? ወደ ሌላው ሰኞ ተዛወረ። ያ ሰኞ ሲደርስ ደግሞ መድኃኔዓለም ሁለት ቀን ቀረው። መድኃኔዓለም ረቡዕ ስለዋለ የቀረበው ሽሮ ነበር። ሽሮም ቢሆን ግን ሦስት እንጀራ ሙሉ ሲሆን ያው ነው።

«አንተ ዳኛው» አለችው አልጋነሽ፣ «ይኼ ሰኞ የምትለው ቀን ዘንድሮ ይመጣል?»

ከሚካኤል ወዲህ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሚዛኑ ላይ ወጣ። ዘጠና አምስት። ፈተናው አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አንገቱን ደፍቶ ወደ ነፍስ አባቱ ወደ መምሬ ይትባረክ ሄደ።

«አባ፣ ገድፌያለሁ፤ አምስት ኪሎ ጨምሬያለሁ» አለ። «ንስሐ ይስጡኝ። ስግደት ከሆነም ብዙ ይሁን፤ ምናልባት ይቀንሰኛል።»

«ምን በላህ ልጄ?»

«የሚካኤል ዕለት፣ ጋሽ ብዙአየሁ ቤት፣ ሰባት ጉርሻ።»

መምሬ «አምስት ኪሎ የጨመርከው በሰባት ጉርሻ ነው?» አሉ።

«የለም፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥራ ሰባት ቀናት ነው።»

«በእነዚያ ቀናት ያጎረሰህ ማን ነው?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «እኔው ነኝ፣ አባ።»

መምሬ ይትባረክ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ኳስ ብዙም አያውቁም፤ ሜዳው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስለሆነ ጩኸቱን ይሰማሉ።

«እስቲ ንገረኝ፣ አንድ ቡድን ጎል ሲገባበት ኳሱን ምን ያደርጉታል?»

«መሐል ሜዳ ላይ ያስቀምጡና ይጀምራሉ።»

«መቼ? ሰኞ?»

«ኧረ አባ! ወዲያው ነው እንጂ!»

«ተበሳጭተው ሜዳው ላይ ቢቀመጡስ? ‹አንዴ ገብቶብናል፣ እንግዲህ ይግባ› ብለው በረኛውን ቢያስወጡስ?»

«እንዴት ተደርጎ! ፊሽካ እነፋለሁ። አልነሣም ካለ ቢጫ አሳየዋለሁ።»

«እንግዲያው ልጄ» አሉት፣ «ተነሥና ለራስህ ንፋ። ስግደት አልሰጥህም። ወደ ቤትህ ስትሄድ ግን በረጅሙ መንገድ ዙር።»

ዞረ። ያን ማታ ሾርባ ጠጣ። ማለዳ ወንዝ ወረደ።

ዳግመኛ አልበላም ብላችሁ ታስባላችሁ? በሁለት ሳምንቱ የእኅቱ ልጅ ሰርግ ነበር። በላ! ጉርሻውን መቁጠር እንኳ ትቶ ነበር። ቁና ቁና እየተነፈሰ ቤቱ ሲገባ አልጋነሽ ከሰርጉ ያመጣችውን ዳቦ ይዛ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ልቁረስልህ? አንዴ ገድፈሃል።»

«አልጋነሽ» አላት፣ «አንድ ገብቶብኛል። ሁለተኛውን በራሴ ላይ አላስቆጥርም። መልሺው።»

የፈተናው ቀን ክብደቱ ሰማንያ ዘጠኝ ነበር። ጎበዝ አልሆነም። ከሁሉም ኋላ ነው የሮጠው፤ በአራተኛው ዙር የሞተ መስሎት አንድ ሰው ውኃ ይዞ ወደ ሜዳ ገብቶ ነበር። ግን ስድስተኛውን ዙር በአሥራ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሴኮንድ ጨረሰና ሣሩ ላይ ተዘረረ። እነዚያ ባጃጅ ሲጠሩለት የነበሩ ተመልካቾች አጨበጨቡለት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ?

ከመካከላችሁ ለመቀነስ የምትታገሉ አላችሁ። በበዓል ቀን ትበላላችሁ። እኔም እበላለሁ። የጎረቤት እጅ አፋችሁ ድረስ መጥቶ እንዴት ትመልሱታላችሁ? ስለዚያ ምሳ አትጨነቁ። የምፈራላችሁ ስለ እራታችሁ ነው። ቀን የበዛ እንደሆነ ማታ በልኩ ብሉ፤ ራሳችሁን በረሃብ አትቅጡ፣ ራሳችሁን አትስደቡ። አንድ ምሳ ማንንም አላወፈረም። የሚያወፍረው «እንግዲህማ» የምትለዋ ቃል ናት።

ይህቺ ቃል ደግሞ በሆድ ብቻ አትቆምም። አንድ ጠዋት ሳትጸልዩ ወጣችሁ፤ «እንግዲህማ» አላችሁና ወር ሞላ። መጠጥ ትታችሁ አንድ ቀን ጠጣችሁ፤ «እንግዲህማ» ብላችሁ ጠርሙሱን ጨረሳችሁ። በልጃችሁ ላይ ጮኻችሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ ስታፍሩ እስኪመሽ ጮኻችሁ። እግዚአብሔር አንዲቱን ጥፋት ይቅር ሊል እጁን ዘርግቶ ሳለ እናንተ ለምን ሁለተኛውን ትጨምሩበታላችሁ?

ከወንድማችሁ ጋር በአንድ ክፉ ቃል ተጣልታችሁ ይሆናል። ቃሉን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባችሁም፤ ዝምታው ግን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ በደጁ ታልፋላችሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ስመጣ አይቼዋለሁ። ግቡ።